አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሕፃን ጥግ፦ አቃቂ ቃሊቲ ተከራይታችሁ ልጅ ለምትጠብቁ

ቲክቶክ ላይ "የሕፃን ክፍል" ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው ያው የሚታወቀው ነው። ሰፊ ክፍል፣ ነጭ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ደመናና ጨረቃ፣ መሬቱ ላይ ፀጉራም ምንጣፍ። ቪዲዮው የማይናገረው አንድ ነገር ቤቱ የራሳቸው መሆኑን ነው።

እዚህ እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ ስቱዲዮ የተከራየ አለ። ቃሊቲና አቃቂ ውስጥ ደግሞ ግቢ ገብቶ፣ ሽንት ቤትና ውሃ ከሌላ ተከራይ ጋር እየተጋራ፣ ሦስት በሦስት የሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ የሚኖር ሞልቷል። አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ምድጃው፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉም እዚያችው ናቸው። እና አሁን ሕፃን ሊመጣ ነው።

ብዙ ጊዜ "የልጅ ክፍል ስለሌለን ከፍቶናል" የሚል ነገር ስለምንሰማ በመጀመሪያ እሱን እንጨርሰው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ ቤተሰቡ አሥር ክፍል ቢኖረውም፣ ሕፃኑ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ነው የሚመክረው። ስለዚህ አንድ ክፍል ያላችሁ ሰዎች ሳታስቡት ምክሩን ግማሽ ፈጽማችኋል። ሕፃን የሚያስፈልገው ክፍል ሳይሆን ጥግ ነው። ጥያቄው እዚያ ጥግ ላይ ምን ይግባ፣ ምንስ አይግባ የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ገንዘባችንን የምናወጣው ፎቶ ላይ ለሚታየው ነገር ነው። ልጁን የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ላይ የማይታየው ነው።

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ

ቤት ስትፈልጉ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ናችሁ?" ብሎ ነው። "ሁለት" ስትሉት "ልጅስ?" ይላል። ልጅ ያለው ተከራይ የማይፈልግ አከራይ አለ። ውሃ ይበዛል፣ ግድግዳ ይቆሽሻል፣ ሌሊት ይለቀሳል ይላሉ። በዚህ ምክንያት እርግዝናዋን በነጠላ ሸፍና ቤት ለማየት የምትሄድ ሴት መኖሯ እውነት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ መመዝገብም አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ የሚከፈለው ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ልጅ መውለድ ውል ለማፍረስ ምክንያት ሆኖ የተቀመጠበት ቦታ የለም።

ሁለት ዓመት የሚለውን ቁጥር ያዙልን። በስድስተኛው የእርግዝና ወር የተፈረመ የሁለት ዓመት ውል ሲያልቅ ልጁ 21 ወር ገደማ ይሆነዋል። መዳህ፣ መቆም፣ መራመድ፣ መሮጥ የሚጀምረው ሁሉ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምታዘጋጁት ጥግ ለአርባ ቀን ወይም ለሰማንያ ቀን ክርስትና ፎቶ ብቻ የሚሆን አይደለም። ውላችሁ በቃል ብቻ ከሆነ ለቀለምና ለመጋረጃ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ። ሦስት ወር ቆይቶ "ልቀቁ" የሚባልበትን ግድግዳ ማሳመር ትርፉ ኪሳራ ነው።

ውሉ ቢኖርም ግድግዳው የሰው ነው፤ ማስፈቀድ ግድ ነው። በአካል ተነጋገሩ፣ ከዚያ በጽሑፍ ይሁን። ለማለት የሚከብዳችሁ ካለ እንዲህ ብላችሁ መላክ ትችላላችሁ፦

"እትዬ እንደምን ዋሉ? የመውለጃዬ ቀን እየደረሰ ነው። ከበሩ ጎን ያለችውን ግድግዳ፣ ሁለት ሜትር የማትሞላ ቦታ፣ በራሳችን ወጪ ቀለም ልንቀባት አስበን ነበር። ቤቱን ስንለቅ ወደ ነበረችበት ቀለም መልሰን እናስረክባለን። ሚስማር አንመታም። ፈቃድዎ ከሆነ እዚሁ ይመልሱልን።"

መልሱን ስክሪንሹት አድርጋችሁ አስቀምጡት። "ስንለቅ እንመልሳለን" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ አከራይ ታለሰልሳለች።

ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ቀለም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ይሄን ክፍል ዘለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት።

የቆዩ ቤቶችን ግድግዳ አይታችሁ ከሆነ ከታች እስከ ወገብ ድረስ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ወይም ክሬም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዘይት ቀለም ሲቆሽሽ በጨርቅ ይጠረጋል። ችግሩ ያ ከወገብ በታች ያለው ቦታ ልክ የሕፃን ቁመት መሆኑ ነው። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይልሳል፣ እጁን መሬት ላይ ያሽና አፉ ውስጥ ይከታል።

የዘይት ቀለም ውስጥ ለብዙ ዓመታት እርሳስ ይጨመር ነበር። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም፤ እሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው። የምንለው ሊድ የሚባለውን ከባድ ብረት ነው። ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ቶሎ እንዲደርቅም ያደርገዋል። በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ላይ ይበዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የዘጠኝ አገሮች የቀለም ምርመራ ውስጥ ኢትዮጵያ ነበረችበት፤ ከአገራችን ገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት የዘይት ቀለሞች አብዛኞቹ ላይ የእርሳሱ መጠን ከ90 ፒፒኤም በላይ ሆኖ ተገኘ። 90 ፒፒኤም ማለት በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ወጣና ገደቡ ያው 90 ፒፒኤም እንዲሆን ተወሰነ። ጥሩ ነው። ግን ደንቡ የሚገዛው አዲስ የሚመረተውንና የሚሸጠውን ቀለም ነው። ግድግዳችሁ ላይ ከ15 ዓመት በፊት ተቀብቶ አሁን እየተላጠ ያለውን ማንም መጥቶ አይልጥላችሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ "ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም" የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ትንንሽ ልጆች ከአዋቂ ጋር እኩል መጠን ቢውጡ ሰውነታቸው ከአዋቂው አራት አምስት እጥፍ የሚደርስ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። የሚጎዳው አንጎልን ነው። ልጁ ትኩሳት አይኖረውም፣ አያስነጥሰውም፤ ዓመታት አልፈው ትምህርት ሲከብደው ነው የሚታየው። ያን ጊዜ ደግሞ "ሰነፍ ነው" ይባላል እንጂ ቀለሙን ማን ያስታውሰዋል። በእርጉዝ ሴት በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በጣም አደገኛው ነገር ልጅ ሊመጣ ነው ብሎ አሮጌውን ቀለም በወረቀት ብርጭቆ ወይም በላማ በደረቁ መፋቅ ነው። ቤት የማሳመር ሥራ ራሱ ነው መርዙን ከግድግዳው አውርዶ አየር ላይ የሚበትነው። ብናኙ ፍራሽ ላይ ያርፋል፣ የተዘጋጀው የሕፃን ልብስ ላይ ያርፋል።

የዘይት ቀለሙ ካልተላጠና ካልተሰነጠቀ አትንኩት። በሳሙና ውሃ አጥባችሁ በሆነ ነገር ሸፍኑት፤ በኋላ እንመጣበታለን። በላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም እንቀባለን ካላችሁ ደግሞ ቀለሙ በደንብ አይዝም፤ ቀቢው መጥቶ "እንዲይዝ መፋቅ አለበት" ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ግን ያ ፍቂያ ነው ችግሩ።

መላጥ ጀምሮ ከሆነ የላላውን ብቻ በውሃ እያራሳችሁ አንሱት። መሬቱ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ፣ ዕቃውና ልብሱ ከክፍሉ ይውጣ፣ የሚሠራው ሰው አፍንጫውን ይሸፍን። ነፍሰ ጡሯና ልጆች በዚያን ቀን እዚያ ባይገኙ ነው የሚሻለው፤ እናቷ ቤት ወይም ጎረቤት ትዋል። ሲያልቅ መጥረጊያ እንዳታነሱ። መጥረጊያ ብናኙን ያስነሳዋል፤ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ግድግዳችሁ ፕላስቲክ ቀለም ስለሆነ ይሄ ስጋት ይቀንስላችኋል። በርና መስኮቱ ብረት ላይ የተቀባው ግን የዘይት ቀለም ነው፤ ቱር ቱር ካለ እሱንም ተመልከቱት።

ለመቀባት ከወሰናችሁ

ለሕፃኑ ጥግ የሚሆነው በውሃ የሚበጠበጠው ፕላስቲክ ቀለም ነው። በቲነር የሚቀጥነውን ተዉት፤ ሽታው ራሱ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ሙሉ ክፍል መቀባት አያስፈልጋችሁም። ሒሳቡን እንሥራ። ሦስት በሦስት የሆነ ክፍል ዙሪያው 12 ሜትር ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ 30 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለ፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 60 ይሆናል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም እንደ ግድግዳው ሁኔታ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ያዳርሳል። እንግዲህ ከ6 እስከ 8 ሊትር ልትገዙ ነው። ጥጉን ብቻ፣ ከሁለቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ከሃያ ብትቀቡ ግን 3.6 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁለት እጅ 7.2። አንድ ሊትር ይበቃል። ጠርዙን በፕላስተር ይዛችሁ ግማሽ ክብ ወይም የተራራ ቅርጽ ብታደርጉት ከሙሉ ግድግዳ ይልቅ ያምራል፤ ስትለቁ መመለሱም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ጊዜውን አስቡበት። ቀለም ቢያንስ ከመውለጃው ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ተቀብቶ፣ መስኮትና በር ተከፍቶ መናፈስ አለበት። ልጁ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ የሚጠበቅ ከሆነ ግንቦት ላይ ጨርሱት። ክረምት ላይ የተቀባ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ያብጥና ይነሳል።

እርጥበት ካልን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። በዎልፔፐር ወይም በስቲከር ሸፍናችሁ እንዳትገላገሉት፤ ከኋላው ይራባል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ፤ ጣሪያ ከሆነ ወይም ቧንቧ ከሆነ አከራዩ ሊያሠራው ይገባል። የሕፃኑን መኝታ ከዚያ ግድግዳ አርቁት።

የጭቃ ቤት ከሆነ ስቲከር አይይዝም፤ ኖራውን ይዞ ነው የሚወርደው። እዚያ የሚሻለው ጨርቅ ነው። ከላይ ቀጭን ጣውላ ላይ የተወጠረ አንሶላ ወይም ሸማ ግድግዳውንም ይሸፍናል፣ ከኖራውም ያድናል፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ከሆነ የሕፃኑ መኝታ በላይ ያለው ክፍል የተቀደደ መሆን አለመሆኑን እዩ። አቧራና የአይጥ ነገር የሚወርደው ከዚያ ነው።

አልጋው

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ነው። አስፈላጊው ነገር ግን ትንሽ ነው፦ ጠንካራና ለጥ ያለ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ፣ በጀርባው የተኛ ሕፃን። በቃ። ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ዙሪያውን የሚታሰረው ጥልፍልፍ መከላከያ የለም። ያ መከላከያ ቪዲዮ ላይ በጣም ያምራል፤ አሜሪካ ግን ሕፃናት አፍንጫቸው እየታፈነ ስለሞቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሽያጩን በሕግ ከለከለችው። እዚህ ግን አሁንም ከአልጋው ጋር "ሙሉ ሴት" ተብሎ ይሸጣል። ከገዛችሁት መከላከያውን አውጡትና ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት።

ቦታ የሌላችሁ ሰዎች ደግሞ የፊንላንድን ነገር ስሙ። የፊንላንድ መንግሥት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደኸዩ እናቶች፣ ከ1949 ወዲህ ደግሞ ለሁሉም፣ የሕፃን ልብስና ዕቃ የሞላ የካርቶን ሣጥን ይሰጣል። ዕቃው ሲወጣ ሣጥኑ ከሥሩ ትንሽ ፍራሽ አለው፤ ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ወራት እዚያ ውስጥ ይተኛል። በዓለም ላይ ካሉ ሀብታም አገሮች አንዷ ውስጥ ልጆች ካርቶን ውስጥ ተኝተው አድገዋል። እና አልጋ ለመግዛት ተበድራችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ እረፉ።

አናጺ ጋ ለማሠራት ካሰባችሁ ሦስት ነገር ንገሩት። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። መለኪያ ከሌለ የቆርቆሮ ለስላሳ ጣሳ ውሰዱ፤ ጣሳው በመካከላቸው ማለፍ ከቻለ ሰፍቷል፣ የሕፃን ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ፍራሹና እንጨቱ መካከል ከሁለት ጣት በላይ ክፍተት አይኑር። ቫርኒሽ ከተቀባ ደግሞ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ውጭ ይሰንብት፤ "ነገ አልጋው ይድረስ" ብላችሁ አታዋክቡት።

ያው ብዙ ቤት ሕፃኑ የሚተኛው ከእናቱ ጋር ነው፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ሌሊት ለማጥባትም ይቀላል። ግን አደጋ አለው። አደጋው የሚብሰው ፍራሹ የሚሰምጥ ሲሆን፣ ከባድ ብርድ ልብስና ጋቢ ሲደራረብ፣ ከወላጅ አንዱ ሲያጨስ ወይም ጠጥቶ ሲገባ ነው። ሣጥኑን ወይም ትንሿን አልጋ ከእናት አልጋ ጎን ማስጠጋት መካከለኛው መንገድ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ እናውቀዋለን፤ ለሕፃኑ በላዩ ላይ ልብስ ከመከመር ይልቅ ሁለት ሦስት ቱታ ደርቡለት። ፊቱ አይሸፈን።

እናቶቻችን፣ ከሰልና እጣን

አራስ ቤት ብቻውን አይሆንም። እናት ትመጣለች፣ አማት ትመጣለች፣ ጎረቤት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ይገባል። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። ይሄ ሁሉ ደግሞ በዚያችው ክፍል ውስጥ።

የምንፈራው ከሰሉን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አዋቂን ይገድላል፤ ሕፃንን ደግሞ ቶሎ። "ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም" ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። "አራሷ እንዳይበርዳት" ተብሎ በር ተዘግቶ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፎ፣ ምድጃ ሥር ማደር በፍጹም መሆን የለበትም።

እናታችሁን "እንዲህ አይደረግም" ብሎ መናገር ከባድ ነው። ለእሷ ቡናው ወግ ነው፤ ቤቱም በልጅ የሞላው ያኔ ነው። እኛ ያየነው የሚሠራው ዘዴ ክርክር ሳይሆን ቦታ ማዘጋጀት ነው። በረንዳ ላይ ወይም ከበሩ ውጭ ለረከቦቱና ለምድጃው የተስተካከለች ቦታ አስቀድማችሁ አሰናዱ። ወንበርም ይቀመጥ። እናት ስትመጣ "እማዬ፣ ቡናውን እዚህ አዘጋጅተንልሻል" ሲባል ክብር ነው እንጂ ክልከላ አይሆንም። እጣኑም እዚያው ይጨስ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ የሌለው ስቱዲዮ ውስጥ ያላችሁ ግን ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ፤ መብራት ከጠፋ በርና መስኮት ወለል ብሎ ይከፈት፣ ሕፃኑ ጎረቤት ይሁን።

ሌላው ብረት ነው። አራስ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ከራስጌዋም ብረት፣ ቢላም ቢሆን፣ እንዲኖር የሚፈልጉ እናቶች አሉ። እምነቱን ለመሟገት አልመጣንም። ብቻ ቢላዋ ከትራስ ሥር አይግባ፣ ከሕፃኑ መኝታም አይሁን። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ያው ከራስጌ ነው።

አሁን ማሳመሩ

እስካሁን ስለ አደጋ ብቻ ስላወራን ሰለቻችሁ ይሆናል። ማሳመሩ በእውነት ደስ የሚለው ክፍል ነው፤ በትንሽ ገንዘብም ይሆናል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው። ልክ እያጠባችው የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት ማለት ነው። የሚስበው ደግሞ ፈዛዛ ቀለም ሳይሆን ጎላ ያለ ልዩነት ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ያ ውድ የሆነው የቲክቶክ ቢዥና ክሬም ግድግዳ ለአንድ ወር ሕፃን ባዶ ነው፤ ለእኛ ለአዋቂዎቹ ነው የተሠራው። ነጭ ካርቶን ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር ክብ፣ መስመር፣ የዓይን ቅርጽ ሣሉና ልጁ ነቅቶ በሆዱ ሲጫወት ከጎኑ አቁሙለት። ወጪው የካርቶንና የማርከር ብቻ ነው።

ለግድግዳው ሰፌድ አስቡ። የሐረር ሰፌዶች ቀለማቸው ደማቅ፣ ቅርጻቸው የጎላ፣ ክብደታቸው ቀላል ነው። ቢወድቅ እንኳ እንደ መስታወት ፍሬም አይሰበርም። ይሁንና ከመኝታው በላይ ሳይሆን ከጎን ይሁን። ከሕፃን ራስ በላይ ምንም አይሰቀል፤ ይሄ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም። ኮንዶሚኒየም ላይ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሚስማር ብትመቱ መጀመሪያ ይይዝና ከወር በኋላ ይላላል። ፊሸር ካልገባ ከባድ ነገር አይችልም።

ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ቤቱን ይቀይረዋል። እንግዳ ሲመጣ እናት ከጀርባው ታጠባለች፣ ሌሊት አባት ስልኩን ሲያይ ብርሃኑ ሕፃኑ ላይ አይወድቅም። ጥበብ ያለው ነጭ ሸማ ከሽሮ ሜዳ ብትገዙ ያምራል፤ ከሰልባጅ የተገዛ ጥሩ የጥጥ አንሶላ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ብታሰፉትም ያው ነው፣ እንዲያውም ሲታጠብ ይቀላል። ሰልባጅ ከሆነ ከመሰቀሉ በፊት በፈላ ውሃ ይታጠብ። ገመዱና ክሩ ሕፃኑ ከሚደርስበት ይራቅ።

መሬቱ ላይ ፀጉራሙን ምንጣፍ ተዉት። አስፋልት ያልገባበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ አቧራ፣ በዋናው መንገድ የሚያልፈው የከባድ መኪና ጥላሸት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ክፍላችሁ ውስጥ አቧራ መሰብሰቢያ ገዛችሁ ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ፕላስቲክ ምንጣፍ ይሻላል፣ ልጁ ሲጫወት ብቻ የሚነጠፍ ወፍራም ብርድ ልብስ ይጨመርበት።

ለመብራት፣ ሻማና ኩራዝ ከመጋረጃ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይሆኑም። መብራት በጠፋ ቁጥር የምትጠቀሙበት ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ግዙ፤ ሌሊት ዳይፐር ለመቀየርም እሱው ያገለግላል። ስለ ጩኸቱ ብዙ አትጨነቁ። ቆራሌውም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ የጎረቤት ሬዲዮም አለ፤ አብዛኛው ሕፃን ይለምደዋል። የማይለምደው እናቱ ናት።

ሰባተኛው ወር ሲመጣ

እስከ ስድስት ወር ሕፃኑ ካስቀመጣችሁበት ብዙም ርቆ አይሄድም። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ይድሃል፣ ይይዛል፣ ተንጠልጥሎ ይቆማል። ያኔ ጥጉ ያበቃና ቤቱ በሙሉ የሱ ይሆናል። አንድ ቀን መሬት ላይ በሆዳችሁ ተኙና በእሱ ቁመት ክፍሉን እዩት። መሬት ላይ የተጣለው ዲቫይደር፣ ከብፌው ጠርዝ የተንጠለጠለው የቴሌቪዥን ገመድ፣ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠው በረኪና፣ ሁሉም እዚያ ይታያችኋል። በረኪናና ነጭ ጋዝ በመጠጥ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥ፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው።

ቁምሳጥኑ የሕፃኑን ልብስ ስለሚይዝ መሳቢያዎቹን መሰላል ማድረጉ አይቀርም፤ ወደ ፊትም ይወድቃል። በብረት ማዕዘንና በፊሸር ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ለዚህ ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ለአከራዩ በምትልኩት የመጀመሪያው መልእክት ላይ "ሚስማር አንመታም" ካላችሁ በኋላ "ቁምሳጥኑን ለማሰር ከሁለት ቀዳዳ በቀር" ብላችሁ ጨምሩበት። ስትለቁ በስቱኮ ይደፈናል። ከቀለሙ የተረፈችውን፣ የድሮውን ቀለም ናሙናም ጭምር፣ በደንብ በሚዘጋ ጣሳ አድርጋችሁ የቀለሙን ቁጥር በላዩ ጻፉና ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጡ፤ ቤቱን የምታስረክቡ ቀን እሷን ፍለጋ ቀለም ቤት ለቀለም ቤት አትዞሩም።